ኪዮቶና ናራን ለመጎብኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጃፓን ውስጥ ኦሳካ መኖር ከጀመርኩ ሰባተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከአዲስ አበባም ሆነ ከዋሽንግተን ዘመድ ወዳጅ በመጣ ቁጥር አስጎብኚው እኔ ነኝ፤ የሚጠይቁኝም ሁሌ ያንኑ ነው። ባለፈው ዓመት እናቴ መጥታ ሦስት ሳምንት ስትቆይ ደግሞ ማንም ጠይቆኝ የማያውቀውን ጨመረችበት። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ፣ ወሩንና ሰዓቱን ግን እንደ እኛው ነው የጻፍኩት። በር ላይ 6:00 የሚል ካያችሁ ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው።

ቤተ መቅደሱ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም እንዴ?

አይደለም። ሁለት ሃይማኖት ነው። የቡድሃ እምነት ቤት "ቴራ" ይባላል፤ ስሙም ብዙውን ጊዜ በ"ጂ" ወይም በ"ዴራ" ያልቃል፦ ኪንካኩጂ፣ ቶዳይጂ፣ ኪዮሚዙዴራ። "ጂንጃ" ደግሞ የሺንቶ ነው። ሺንቶ የጃፓኖች የራሳቸው የጥንት እምነት ሲሆን፣ በተራራው፣ በዛፉ፣ በፏፏቴው "ካሚ" የሚሏቸው መናፍስት ያድራሉ ይላል። ቡድሂዝም በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከኮሪያ በኩል የገባ እንግዳ ነው፤ ግን እንግድነቱ የቀረው ያኔውኑ ነው። ሁለቱ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ በአንድ ግቢ ተዳብለው ኖረዋል። በአዋጅ የተለያዩት በ1868 ነው።

መለያው መግቢያው ላይ ነው። ሁለት ቋሚ ላይ ሁለት አግዳሚ የተጋደመበት፣ መዝጊያ የሌለው በር ካያችሁ "ቶሪኢ" ነው፤ ከበሩ ወዲያ ያለው ጂንጃ ነው። ጣሪያ ያለው ትልቅ በር ካለና ዕጣን ከሸተታችሁ ቴራ ነው። ጃፓናዊው ራሱ ሁለቱንም ይሄዳል፤ ሕፃኑን ጂንጃ ወስዶ ያስባርካል፣ አባቱን በቴራ ሥርዓት ይቀብራል፣ ሃይማኖትህ ምንድን ነው ስትሉት "የለኝም" ይላችኋል።

ክርስቲያን ነኝ (ሙስሊም ነኝ)። ብገባ ኃጢአት አይሆንብኝም?

እናቴ ከአውሮፕላን ሳትወርድ ያነሳችው ጥያቄ ይህ ነበር ማለት ይቻላል። እኔ የሃይማኖት መምህር ስላልሆንኩ መልሱን የነፍስ አባታችሁን ወይም ሼካችሁን ጠይቁ። እኔ የምነግራችሁ በቦታው ያለውን ነው፦ ማንም ስገድ፣ ሳንቲም ጣል፣ አጨብጭብ አይላችሁም። አብዛኛው ጎብኚ ዳር ቆሞ አይቶ ይወጣል፤ የሚታዘበውም የለም። የአምላኪዎቹን መንገድ አለመዝጋት ብቻ ነው።

እናቴ በመጨረሻ "ቅጥሩን አያለሁ፣ ከምስሉ ፊት ግን አልቆምም" ብላ ተስማማን። ናራ ቶዳይጂ ስንደርስ ስምምነቱ ፈረሰ። የቡድሃው ምስል ቁመቱ 15 ሜትር ያህል ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ከፊቱ አለመቆም የሚባል ነገር የለም። ቀና ብላ ዝም ብላ አየችና "ይኼን ሁሉ ነሐስ ከየት አመጡት?" አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ምስሉ በ752 ተመርቆ ዓይኑ ሲሳልለት የአገሩን መዳብ ጠራርጎ ጨርሶት ነበር ይባላል።

ለሙስሊም ወገኖች፦ የጃፓን የመጀመሪያው መስጊድ በ1935 የተሠራው የኮቤው ነው። ከኪዮቶ በባቡር አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ በአካባቢውም ሐላል ምግብ ይገኛል።

ጫማ ይወለቃል?

ግቢው ውስጥ አይወለቅም። የሚወለቀው ከእንጨት ወለል ወይም ታታሚ ከሚሉት የሣር ምንጣፍ ላይ ሲወጣ ነው። እዚያ መደርደሪያ ይኖራል፣ አለዚያም ላስቲክ ይሰጧችሁና ጫማችሁን አንጠልጥላችሁ ትዞራላችሁ። ማሰሪያ የሌለው ጫማ አድርጉ፤ በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ትጎነበሳላችሁ። ካልሲያችሁንም ጠዋት ከቤት ሳትወጡ እዩት፣ የተቀደደ ካልሲ እዚህ ያዋርዳል። በብርዱ ወራት ወለሉ በረዶ ነው፣ ደርቡ። የበሩን ደፍ አትርገጡ፣ ተሻገሩት።

እናቴ ግን የመጀመሪያው ቶሪኢ ስር ስንደርስ፣ የቤተ ክርስቲያን ደጅ እንደደረሰች ሁሉ፣ ሳታስበው ጫማዋን አውልቃ ጠጠሩ ላይ ቆመች። አጠገባችን የነበሩ ሽማግሌ ደንግጠው "አይ፣ አይ፣ አያስፈልግም" በሚል እጃቸውን አወናጨፉ። ከየት እንደመጣን ጠይቀው ኢትዮጵያ ስላቸው ግን ፊታቸው በራ፤ "አበበ!" አሉና የእናቴን ባዶ እግር አሳዩኝ። በዕድሜ ጠና ያለ ጃፓናዊ ሁሉ አበበ ቢቂላን ያውቃል፤ በ1964 የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶኑን ሲያሸንፍ በቴሌቪዥን አይተውታል። በባዶ እግሩ የሮጠው ሮም ላይ በ1960 ነው፣ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ነበር ልላቸው ፈልጌ ተውኩት።

መግቢያው ላይ ያለው ውኃና ጭልፋ ለምንድን ነው?

ለመንጻት ነው እንጂ ለመጠጥ አይደለም። በጭልፋው ቀድታችሁ መጀመሪያ ግራ እጅ፣ ቀጥሎ ቀኝ እጅ፤ ከዚያ በግራ መዳፍ ውኃ ተቀብላችሁ አፍ መጉመጥመጥ፣ በመጨረሻም የቀረውን ውኃ በጭልፋው እጀታ ላይ ማንቆርቆር። አፍ አድርጋችሁ ከጭልፋው አትጠጡ። ከኮሮና ወዲህ ብዙ ቦታ ጭልፋው ተነሥቶ ውኃው ከቀርከሃ ቧንቧ ይወርዳል፣ መታጠብ ብቻ ነው።

ሥርዓቱን ለማወቅ ለምትፈልጉ፦ ጂንጃ ላይ ሁለቴ እጅ ይነሣሉ፣ ሁለቴ ያጨበጭባሉ፣ አንዴ እጅ ይነሣሉ። ቴራ ላይ ጭብጨባ የለም፤ እጅ አጋጥሞ ጎንበስ ማለት ነው። የሚጣለው ሳንቲም ብዙውን ጊዜ ባለ 5 የን ነው። "5 የን" በጃፓንኛ "ጎ ኤን" ሲሆን፣ "ጎኤን" ደግሞ መልካም ግንኙነት፣ መልካም አጋጣሚ ማለት ነው።

ያ ቀይ በር የተደረደረበት ቦታ የት ነው? ስንትስ ያስከፍላል?

ፉሺሚ ኢናሪ ነው፣ ኪዮቶ። ምንም አያስከፍልም፣ ቀንም ሌሊትም አይዘጋም። ከኪዮቶ ዋና ጣቢያ በናራ መስመር ባቡር ሁለተኛው ፌርማታ ላይ "ኢናሪ" ብላችሁ ትወርዳላችሁ፤ መግቢያው ከጣቢያው ፊት ለፊት ነው። በ711 እንደተመሠረተ ይነገራል።

ኢናሪ የሩዝ፣ በኋላም የንግድ ካሚ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩትን በሮች ያቆሙት ነጋዴዎችና ኩባንያዎች ናቸው፤ ተስለው፣ ስለታቸው ሲሰምር የሚሰጡት ነው። ሽቅብ ስትወጡ በሮቹ ንጹሕ ብርቱካናማ ናቸው፣ አንድ ፊደል የለባቸውም። ዘወር ብላችሁ ቁልቁል ስታዩ ግን እያንዳንዱ ምሰሶ ላይ በጥቁር ቀለም የሰጪው ስምና ያቆመበት ቀን ተጽፏል። ከሥሩ የበሰበሰም ታያላችሁ፤ እንጨት ነውና እርጥበቱ ይበላዋል፣ ይነሣና ቦታውን ሌላ ስለት ይተካዋል። በየቦታው የምታዩአቸው የድንጋይ ቀበሮዎች የኢናሪ መልእክተኞች ናቸው፤ አንዳንዱ አፉ ውስጥ የያዘው የጎተራ ቁልፍ ነው።

ሕዝቡ የሚጋፋው ታች ነው። አብዛኛው ሰው ፎቶውን አንሥቶ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ይመለሳል። እናንተ ቀጥሉ። የተራራው ወገብ ላይ "ዮትሱትሱጂ" የሚሉት መስቀለኛ መንገድ ላይ ኪዮቶ ከታች ተዘርግታ ትታያለች። ተራራው 233 ሜትር ብቻ ስለሆነ ዙሪያውን ጨርሶ ለመመለስ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይበቃል። ማታ ብትሄዱ ደግሞ ከራሳችሁ ኮቴ በቀር የምትሰሙት ነገር የለም፤ እኔ እንዲያውም ትንሽ ፈርቻለሁ።

ኪንካኩጂ ተቃጥሎ እንደገና የተሠራ ነው ሲሉ ሰማሁ። ታዲያ ይኼ ሁሉ ጥንታዊ የሚባለው እውነት ነው?

ከሁሉም በላይ የምወደው ጥያቄ ይህ ነው።

አዎ፣ ተቃጥሏል። ወርቃማው እልፍኝ የሚሉት ኪንካኩጂ በ1397 ገደማ ለቀድሞው ሾጉን (የአገሩ የጦር ገዥ) አሺካጋ ዮሺሚትሱ መኖሪያ ተብሎ ተጀመረ። በ1950 አንድ ወጣት የቤተ መቅደሱ ደቀ መዝሙር እሳት ለቀቀበት። አሁን የምታዩት በ1955 የተሠራው ነው፤ ዛሬ የሚያበራው ወርቅ የተለበጠው ደግሞ በ1987 ነው። የናራው የቶዳይጂ አዳራሽም ሁለቴ በጦርነት ነዷል። አሁን ያለው በ1709 የተጠናቀቀው ነው፤ ከመጀመሪያው በአንድ ሦስተኛ ያህል ያንሳል፤ እንዲህ አንሶም ያስደነግጣል። ኪዮሚዙዴራ የተመሠረተው በ778 ነው፤ ሰገነቱ የ1633 ነው።

እኛ ከላሊበላና ከአክሱም አገር ስለመጣን "ጥንታዊ" ሲባል ያው ድንጋይ፣ ያው ቦታ፣ ያው እጅ የዳሰሰው ማለት ይመስለናል። እዚህ ሥራው በእንጨት ነው፤ አገሩም የመሬት መንቀጥቀጥና የእሳት አገር ነው። ስለዚህ የሚጠበቀው ቅርጹና ሙያው ነው። ይህን ጫፍ ያደረሰው የኢሴ ጂንጃ ነው። በየ20 ዓመቱ ከጎኑ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ያንኑ ሕንፃ በአዲስ እንጨት ይሠሩና አሮጌውን ያፈርሳሉ፤ እንጨቱም ለሌሎች ጂንጃዎች ይሰጣል። የ2013ቱ 62ኛው ነበር፣ ቀጣዩ በ2033 ነው። በሃያ ዓመቱ እንጨት ያቀበለ ልጅ በአርባ ዓመቱ ራሱ አናጢ ሆኖ ይሠራዋል፣ በስልሳው ያሠራዋል። እና ኢሴ ስንት ዓመቱ ነው? ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ ዓመት በላይ ነው፣ ደግሞ ገና ጎረምሳ ነው።

"የለም፣ እኔ ያው የድሮው እንጨት ካልሆነ አልረካም" የሚል ካለ ሆርዩጂ ይሂድ። ከናራ ከተማ ትንሽ ወጣ ይላል፤ እንደ ኪዮቶ አይጨናነቅም። በ607 የተመሠረተ ነው፤ ከ670ው ቃጠሎ በኋላ የተሠሩት ዋናው አዳራሽና ባለ አምስት ፎቁ ፓጎዳ በዓለም ላይ ከቆሙት የእንጨት ሕንፃዎች ሁሉ የቆዩ ናቸው። የፓጎዳው መሐል ምሰሶ ዛፉ የተቆረጠው በ594 መሆኑ በእንጨቱ ቀለበት ቆጠራ ተረጋግጧል። የኮሪደሩ ምሰሶዎች ወገባቸው ላይ ወፈር ይላሉ። አንዱን በመዳፌ ነክቼው አውቃለሁ፤ ይሻክራል ብዬ ስጠብቅ እንደ ቆዳ ለስላሳ ነው።

ከኪዮሚዙ ሰገነት ሰው ይዘላል የሚባለው እውነት ነው?

ነበር። ሰገነቱ 13 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። በኤዶ ዘመን (ከ1603 እስከ 1868) "ዘሎ የተረፈ የለመነው ይሰምርለታል" ስለሚባል ብዙ ሰው ዘሏል። የቤተ መቅደሱ መዝገብ 234 ዝላይ ይቆጥራል፤ ከስር ዛፉ ጥቅጥቅ ያለ ስለነበር ከመቶው 85ቱ ተርፈዋል። በ1872 ተከለከለ። ዛሬም ጃፓኖች የቆረጠ ውሳኔ ሲወስኑ "ከኪዮሚዙ ሰገነት እንደመዝለል" ይላሉ። የአክስቴ ልጅ እዚያው ቆሞ የጋብቻ ጥያቄ አቅርቧል፤ ተርፏል።

መቼ ልምጣ?

የቼሪው አበባ፣ ሳኩራ፣ ኪዮቶ ላይ ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ እስከ ሚያዝያ መግቢያ ነው። ቅጠሉ የሚቀላው ኅዳር ውስጥ ነው፣ በተለይ ከአጋማሹ ወዲህ። ሁለቱም ያምራሉ፣ በሁለቱም ሆቴል እሳት ነው። ከሚያዝያ 21 እስከ 27 ባለው ጊዜ የአገሩ ሰው ሁሉ ዕረፍት ይወጣል፤ ሽሹት። ሰኔ ዝናብ ነው፤ ሙስ የሚሉት እንደ ምንጣፍ መሬት የሚያለብስ አረንጓዴ ተክል ላለባቸው የአትክልት ስፍራዎች ግን ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም። ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱ እንደ ጅቡቲ ነው፤ ላቡ አይደርቅም። የእኔ ምርጫ ጥር ነው። ይበርዳል፣ ሰው የለም፣ ዕድል ከቀናችሁ ደግሞ ኪንካኩጂን በረዶ ለብሶ ታገኙታላችሁ።

ሰዓትም ከወር እኩል ነው። አብዛኛው ቦታ ከጠዋቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ተከፍቶ 11 ሰዓት ሳይሞላ ይዘጋል። ኪዮሚዙዴራ ግን ከንጋቱ 12 ሰዓት ይከፈታል። በዚያ ሰዓት ሰገነቱ ላይ የምታገኙት መጥረጊያ የያዘ መነኩሴና ጥቂት የሰፈር አሮጊቶችን ብቻ ነው።

በቀን ስንት ቦታ ማየት እችላለሁ?

ሦስት። "ሰባት አየሁ" የሚል ሰው አውቶቡስ አይቷል።

ጾም ላይ ነኝ፣ ምን እበላለሁ?

ሳኩራው ብዙውን ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ስለሚገጥም ጥያቄው ተገቢ ነው። ችግሩ ሥጋው አይደለም፣ ሥጋ ይታያል። ችግሩ "ዳሺ" ነው። የጃፓን ሾርባ፣ ወጥ፣ የአትክልት ቅቅል ሳይቀር የሚሠራው ከደረቀ ዓሣ በሚወጣ መረቅ ነው፤ "አትክልት ብቻ" ብላችሁ ያዘዛችሁት ሳህን ውስጥ አለ። ዓሣ ለሚበላ ጿሚ ምንም አይደል፤ ለማይበላ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

መፍትሔው ያለው ራሱ ቤተ መቅደሱ ውስጥ ነው። "ሾጂን ርዮሪ" የመነኮሳቱ ምግብ ነው፦ ሥጋ የለ፣ ዓሣ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ወተት የለ፤ መረቁም ከባሕር ቅጠልና ከእንጉዳይ ነው። አራሺያማ ያለው የቴንርዩጂ ቤተ መቅደስ በግቢው ውስጥ ያቀርበዋል፤ ከ3,000 የን በላይ ነው፣ ቀደም ብሎ መያዝ ይሻላል። በቀይ ትሪ ላይ ትናንሽ ሳህኖች ተደርድረው ይመጣሉ፦ የሰሊጥ ቶፉ፣ የተቀቀለ ሥራሥር፣ ነጭ ሩዝ፣ ሾርባ። ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም ግን ክልክል ነው፤ መንፈስ ያነሣሣል ይላሉ። እናቴ ይህን ስትሰማ "ይኼስ ከእኛም ጾም ባሰ" አለች። ምሳው 8 ሰዓት ላይ ያበቃል፣ እሷ የምትገድፈው 9 ሰዓት ነው። ትንሽ አሰበችና "መንገደኛ ነኝ፣ እግዜር ያውቃል" ብላ ቀመሰች።

ርካሹን ለሚፈልግ፦ የተጠበሰ ስኳር ድንች በየሱቁ አለ፤ ኡሜቦሺ የሚሉት ጎምዛዛ ፍሬ ያለበት የሩዝ ድቡልቡልም ሆድ ይይዛል።

የናራ አጋዘኖች ይናከሳሉ?

አንዳንዴ። ከአንድ ሺህ በላይ ናቸው፣ ባለቤት የላቸውም፣ የካሱጋ ጂንጃ ካሚ በነጭ አጋዘን ተቀምጦ መጣ ስለሚባል ለዘመናት ሳይነኩ ኖረዋል፤ ከ1957 ጀምሮም በሕግ የተጠበቁ የተፈጥሮ ቅርስ ናቸው። ለእነሱ የሚሸጠውን ብስኩት ገዝታችሁ ብታሳዩአቸው አንገታቸውን ሰበር አድርገው እጅ ይነሡላችኋል። እጅ ነሥቶ ያልተሰጠው ግን ከኋላ መቀመጫችሁን ይነክሳል። ብስኩቱን ቶሎ አድሉ፣ ሲያልቅ ሁለት እጃችሁን ዘርግታችሁ ባዶ መሆኑን አሳዩ፤ ይገባቸዋል። ወረቀት ኪሳችሁ ውስጥ ጠልቆ ይግባ። የእኔን ካርታ ግማሹን የበላው አጋዘን ቀሪውን እየተመለከተኝ ነበር የጨረሰው።

በዕድሜ የገፉ ወላጆችን ይዞ መምጣት ይቻላል?

ይቻላል፣ ቦታ መምረጥ ነው። ቶዳይጂና ሆርዩጂ ሜዳ ናቸው። ፉሺሚ ኢናሪ ደረጃ ነው፣ ታችኛውን ዙር ብቻ አሳዩአቸው። ኪዮሚዙዴራ አቀበት አለው፣ በታክሲ እስከሚቻለው ድረስ ውጡ። ጠጠሩ ለተሽከርካሪ ወንበር ያስቸግራል። የእናቴ ምርጫ በመጨረሻ ኪዮቶ ያለው የሪዮአንጂ ቤተ መቅደስ የድንጋይ አትክልት ስፍራ ሆነ፤ ተቀምጠው የሚያዩት ነውና። የተጠረገ ነጭ ጠጠር ላይ 15 ድንጋዮች አሉ፣ ከየትም ብትቀመጡ ግን አንዱ ይሰወርባችኋል። እሷ ሦስቴ ቦታ ቀይራ ቆጠረችና "አሥራ አራት ነው፣ ዋሽተውሃል" አለችኝ።

ቪዛ፣ በረራ፣ ገንዘብስ?

በኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ያስፈልጋል፣ አዲስ አበባ ያለው የጃፓን ኤምባሲ ነው የሚሰጠው። የአሜሪካ፣ የእስራኤልና የአብዛኛው አውሮፓ ፓስፖርት የያዘ ለአጭር ጉብኝት አያስፈልገውም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሴኡል ኢንቼን አድርጎ ቶኪዮ ናሪታ ያርፋል፤ ከቶኪዮ ኪዮቶ በፈጣኑ ሺንካንሰን ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ከዱባይ የሚነሣ በቀጥታ ኦሳካ ካንሳይ ሊያርፍ ይችላል። መግቢያው በአብዛኛው ቦታ ከ500 እስከ 1,000 የን ሲሆን (ሆርዩጂ ከዚያ ይበልጣል) ብዙዎቹ ጥሬ ገንዘብ ነው የሚቀበሉት፤ ሳንቲም አይጥፋ።

ከኪዮቶና ከናራ ውጭ አንድ ቦታ ብቻ ብትመርጥልኝ?

ሚያጂማ፣ ሂሮሺማ አጠገብ። ባሕሩ ሲሞላ ትልቁ ቶሪኢ ውኃው ላይ የቆመ ይመስላል፤ ሲጎድል በእግራችሁ ሄዳችሁ ምሰሶውን ትነኩታላችሁ። የአሁኑ በር የ1875 ነው፣ ከሥር መሬት ውስጥ አልተተከለም፤ የቆመው በራሱ ክብደት ነው። የማዕበሉን ሰዓት ሳታዩ አትሂዱ፣ ሁለቱንም ለማየት እዚያው ማደር ነው።

ፎቶ ማንሣትስ?

ግቢ ውስጥ ይቻላል፣ ምስሉ ያለበት አዳራሽ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ክልክል ነው፤ ቶዳይጂ ግን ይፈቅዳል። ኪዮቶ ጊዮን ሰፈር ጌይሻዎቹን (በባህላዊ ዘፈንና ጭፈራ እንግዳ የሚያስተናግዱትን ሴቶች) እያሳደዱ ማንሣት ነውር ነው፤ ከ2024 ወዲህ አንዳንድ የግል ቅያሶች ለቱሪስት ተዘግተዋል፣ የገባ 10,000 የን ይቀጣል የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል።

የዕጣ ወረቀት ላይ ክፉ ቢወጣብኝስ?

ኦሚኩጂ ይባላል፣ መቶ ሁለት መቶ የን ከፍላችሁ ከሣጥን የምታወጡት ነው። "ታላቅ በረከት" ከሚለው እስከ "ክፉ" ደረጃ አለው። ክፉ ከወጣባችሁ ወረቀቱን አጣጥፋችሁ ለዚሁ በተዘጋጀው ሽቦ ላይ አስራችሁት ትሄዳላችሁ፤ ክፋቱ እዚያው ይቀራል። ባለፈው እኔ ላይ ወጣ። እናቴ ሳስር አየችኝና "እዚህ ድረስ መጥተህ ገንዘብ ከፍለህ ነው እርግማን የምትገዛው?" ብላ ትታኝ ወደ ጣቢያው ቀደመች።